ትንሽ ውሻ እግሯ ደጋግሞ ሲሰበር፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ መጨረሻው ኤክስሬይ

ቡቺ የምትመዝነው ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። ዮርክሻየር ቴሪየር ናት። ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያው ቀኝ የፊት እግሯ ሦስት ጊዜ ተሰበረ። አራት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነች። በመካከሉ አልገጥም ያለ አጥንት፣ መግል የያዘ ቁስል፣ የላላ ብሎን አይተናል።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ያኔ ግን ሌሊት ሌሊት ስልኬን ይዤ ቁጭ ስል፣ በገዛ ቋንቋዬ ረጋ ብሎ የሚነግረኝ ሰው በጣም ፈልጌ ነበር። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ውሻ ህመሟ ሲቀንስ መሮጥ ትፈልጋለች። ህመሙ በአንድ ሁለት ሳምንት ይረግባል። ዕድገቷን የጨረሰች ውሻ አጥንት ለመግጠም ግን ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ይፈልጋል። ችግሩ ሁሉ የሚፈጠረው በዚህ መካከል ነው። ስለዚህ "ድናለች" የሚለውን የሚወስነው አረማመዷ ሳይሆን ኤክስሬይ ነው።

1. የመጀመሪያው ሰዓት

ውሻዋ ጮኻ እግሯን አንጠልጥላ ከቀረች፣ ወይም እግሯ በማይታጠፍበት ቦታ ከታጠፈ፣ ተሰብሯል ብላችሁ ቁጠሩት። አታሹት። አትጎትቱት። ለማቃናት አትሞክሩ። እኛ ወለም ሲለን ወጌሻ ጋ መሄድ የለመድን ሰዎች ነን። ለዚህ ግን ወጌሻ አይሆንም። የእንዲህ ያለች ውሻ አጥንት ከእርሳስ ይቀጥናል። ሲታሽ ስለታሙ ጫፍ ቆዳዋን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ዝግ የነበረው ስብራት ክፍት ቁስል ይሆናል ማለት ነው።

በእንጨትና በጨርቅ ለማሰርም አትቸኩሉ። በደንብ ያልታሰረ ነገር እግሯ ጫፍ ላይ እንደ ሸክም ይንጠለጠልና ስብራቱን የባሰ ያናውጠዋል። ፎጣ የተነጠፈበት ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ አስተኟትና ይዛችኋት ሂዱ። የደከመች፣ ጨዋ ውሻ እንኳ ሲያማት ትነክሳለች። ስታነሷት በፎጣ ጠቅልሏት። ቁስል ካለ ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፤ አጥንት ከታየ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። ምግብ አትስጧት፣ ያንኑ ቀን ማደንዘዣ ልትወስድ ትችላለችና።

ከደረጃ ወይም ከበረንዳ ላይ ከሆነ የወደቀችው፣ ከእግሩ በፊት አተነፋፈሷን እዩ። ድዷ ከነጣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ቅድሚያ የሚሰጠው ለደረቷ ነው። እግሩ ይደርሳል።

የሰው ማስታገሻ በፍጹም አትስጧት። ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፣ ታይሌኖል፣ አገር ቤት በየቤቱ የማይጠፋው ዳይክሎፌናክም ቢሆን። ሁለት ኪሎ ተኩል ለሆነች ውሻ አንድ ኪኒን ጨጓራዋን፣ ኩላሊቷን ወይም ጉበቷን ሊጨርሰው ይችላል። በስህተት ከዋጠች አሜሪካ ያላችሁ የኤ ኤስ ፒ ሲ ኤ የእንስሳት መመረዝ ማዕከልን በ888-426-4435 ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፤ ክፍያ ሊኖረው ይችላል።

2. ጄሶ ወይስ ብረት? ከመፈረማችሁ በፊት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

ትናንሽ ውሾች ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት ከፊት እግራቸው ከክርን በታች፣ ወደ መዳፉ ጠጋ ብሎ ነው። እዚያ ሁለት አጥንቶች አሉ፣ ራዲየስ እና አልና። ሁለቱም አብረው ይሰበራሉ። ቦታው ሥጋ የለውም። በትናንሽ ዝርያዎች ደግሞ እዚያ አካባቢ ለአጥንቱ የሚደርሰው የደም ሥር ከትልልቆቹ ያነሰ ነው። ደም ያልደረሰው አጥንት ቶሎ አይገጥምም። በዚህ ላይ ጄሶ ወይም ስፕሊንት (እግሩን ደግፎ ከውጭ የሚታሰር ጠንካራ ነገር) ብቻ ሲታሰር ውስጡ ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሰ ይከርማል። ለዮርኪ፣ ለቺዋዋ፣ ለፖሜራኒያን፣ ለቶይ ፑድል፣ ለጣልያን ግሬይሀውንድ የአጥንት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ብረት የሚመክሩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ስፕሊንት አሰረላት። ርካሽ ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ። በስድስተኛው ሳምንት ሲፈታ እግሯ ወደ ጎን ጎብጧል። አጥንቱም አልያዘም። የቆጠብኩትን እጥፍ አድርጌ ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ብረት የገባላት።

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ። ከሦስት ኪሎ በታች የሆኑ ውሾችን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? የምታስገቡት ብረት ለእሷ የሚሆን ትንሽ ነው ወይ? ከስብራቱ በታች ባለችው አጭር ቁራጭ ላይ ስንት ብሎን ይይዛል? ቀጣዩ ኤክስሬይ መቼ ነው? ብረቱ ይወጣል ወይስ ይቀራል? ነገር ቢበላሽ ድጋሚው ስንት ያስከፍላል? መልሱን ጻፉት። ጥያቄ ስለጠየቃችሁ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ በቀዶ ጥገና ልዩ ሥልጠና ወስደው የተመሰከረላቸውን ሐኪሞች የአሜሪካ የእንስሳት ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ በየአካባቢው ማግኘት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ያላችሁ፣ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። የትም ብትሄዱ ግን ቀድማችሁ ደውሉ፤ ለትንሽ ውሻ የሚሆን ብረትና ኤክስሬይ መኖሩን አረጋግጡ። ያለው ጄሶ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ለምኑ። ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች አብረው ይታሰሩ። ከታሰረ በኋላ ኤክስሬይ ይነሳ። በየሳምንቱም ይታይ።

3. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቤት

ኬጅ ያስፈልጋችኋል። የምትቆምበት፣ የምትዞርበት፣ የምትተኛበት ያህል ይበቃል። ሰፊ አይሁን፣ ሰፊ ከሆነ ትዘልበታለች። ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ አድርጉት፤ ብቻዋን ስትሆን ታለቅሳለች፣ በሩን ትቧጭራለች። ሶፋ የለም። አልጋ የለም። ደረጃ የለም። ከኬጁ ስትወጣ በገመድ ነው፣ ሳሎን ውስጥም ቢሆን። የሚያንሸራትት ወለል ላይ የመታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ወይም የስፖርት ምንጣፍ ደርድሩ። እኛ ቤት ከኬጁ እስከ በሩ መንገድ ሠራንላት።

ለሽንት ስታወጧት በደረቷ ሥር ፎጣ አዙራችሁ ክብደቷን ያዙላት። ሥራዋን ከጨረሰች ወዲያው ተመለሱ።

የአንገት ኮኑን አታውልቁ። "ታሳዝናለች" ብዬ ለአንድ ሰዓት አውልቄላት፣ ሁለት የስፌት ክር በጥሳ ቆየችኝ። ቁስሉ እስኪዘጋ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መብራት ሥር ፎቶ አንሱት። ዓይን ይረሳል፣ ፎቶ አይረሳም። ለሐኪሙም ከቃል ይልቅ እሱን አሳዩት።

ፋሻ ካለ በቀን ሁለት ጊዜ ጣቶቿን እዩ። መካከለኞቹ ሁለት ጥፍሮች ከተራራቁ እያበጠች ነው። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ፣ ፋሻው ከሸተተ፣ ከራሰ፣ ወደ ታች ከተንሸራተተ ወይም ድንገት ፋሻውን መንከስ ከጀመረች ያንኑ ቀን ሂዱ። የጠበቀ ፋሻ እግር ያስቆርጣል። ይህን ለማስፈራራት አላልኩትም፣ የሚሆን ነገር ስለሆነ ነው። ውጭ ስትወጣ ላስቲክ አልብሷት፣ ስትገባ ወዲያው አውልቁላት። ላስቲኩ ከቆየ ውስጡ ያልበዋል።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የሚጠጣ ሜሎክሲካም ነው። ጠርሙሱን አንብቡ። በአንድ ሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ያለው አለ፣ 0.5 ሚሊ ግራም ያለውም አለ። ከ0.5ቱ ወደ 1.5ቱ ሳታዩ ከቀየራችሁ መጠኑ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከምግብ ጋር ስጧት። ካስመለሰች፣ አልበላ ካለች፣ ዓይነ ምድሯ ከጠቆረ አቁሙና ደውሉ። ፕሬድኒሶሎንን ከመሰለ ስቴሮይድ ወይም እንደ ሜሎክሲካም ካለ ሌላ ማስታገሻ ጋር አብሮ አይሰጥም። በተረፈ የታዘዘውን ሳያቋርጡ መስጠት ነው።

4. ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ፣ ደህና ስትመስል

ቡቺ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰበረችው ብረት በገባላት በአምስተኛው ሳምንት ነው። እየተራመደች ነበር። ጅራቷን ትቆላ ነበር። እሑድ ነው፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠርቷል። በሩ ሲንኳኳ ባለቤቴ ይዟት አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከእጁ አምልጣ ዘለለች። አጥንቱ ከብረቱ ጫፍ ላይ፣ በመጨረሻው ብሎን ቀዳዳ በኩል ተሰበረ። ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ከብረቱ ቀጥሎ ያለው አጥንት ግን ቀጭን ነው። ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው።

ስለዚህ የእኛን ቤት አኗኗር እያሰባችሁ ደንብ አውጡ። እንግዳ ይበዛል። ልጅ ይበዛል። በር ይንኳኳል። እንግዳ ከመግባቱ አሥር ደቂቃ በፊት ውሻዋ ኬጅ ውስጥ ትገባለች፣ ጨርቅ ይደረብበታል። በሩ ላይ "አታንኳኩ፣ ደውሉ" የሚል ወረቀት ለጠፍን፤ ሰው መጀመሪያ ገርሞት ነበር፣ በኋላ ለመደው። ልጆች ውሻዋን የሚይዟት መሬት ላይ ተቀምጠው ብቻ ነው። ቆሞ ማቀፍ የለም። የሰባት ዓመቷ ልጄ ይህን ደንብ ከእኔ በላይ ታስከብራለች፣ አያቷን ሳይቀር "አያቴ፣ ቁጭ በይ" ትላለች።

ኬጅ ውስጥ መዋል ያሳብዳል። ምግቧን በሳህን አትስጧት፣ እየላሰች የምታወጣው መጫወቻ ውስጥ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት። ግማሽ ሰዓት ትይዝላችኋለች። አሁንም ካልተረጋጋች ሐኪሙን ማረጋጊያ ጠይቁ። ትራዞዶን ወይም ጋባፔንቲን ያዛሉ። ማፈር አያስፈልግም። ተረጋግታ የምትተኛ ውሻ አጥንቷ ይገጥማል።

የመጀመሪያው ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው፣ ከዚያ እስኪገጥም በየወሩ አካባቢ። ቡችላ ቶሎ ትድናለች፣ በወር የምትጨርስም አለች። እንቅስቃሴ የምትጨምሩት ከኤክስሬዩ በኋላ ብቻ ነው። በገመድ አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር። "ምንም አትልም፣ ኤክስሬዩ ይቅር" ብላችሁ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሌላ ቦታ ቆጥቡ።

5. ነገር ሲበላሽ

አንድ ምልክት ከሁሉ ይበልጣል። እየተሻላት የነበረች ውሻ እንደገና ማነከስ ከጀመረች የሆነ ነገር አለ። "ብርድ መቷት ይሆናል" አትበሉ። በእርግጥ ብረቱ ቆዳ ሥር ስለሆነ ክረምት ላይ ቀዝቅዞ የሚያማቸው ውሾች አሉ። ያንን ግን ሐኪም ይወስን። እብጠት፣ ሙቀት፣ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ፣ በቆዳዋ ሥር በጣት የሚዳሰስ የብሎን ራስ፣ አንድ ቦታ ብቻ ደጋግሞ መላስ፣ እነዚህም ያው ናቸው።

ቡቺ ሁለተኛው ብረት ሲገባ ከትከሻዋ አጥንት ውስጥ ስፖንጅ የመሰለ አጥንት ወስደው ስብራቱ ላይ አደረጉላት። አልገጥም ላለ አጥንት የተለመደ ዘዴ ነው። ሠራላትም። በአምስተኛው ሳምንት ግን ቁስሏ መግል አወጣ።

ኢንፌክሽን ሲመጣ አንቲባዮቲክ ከመቀየሩ በፊት ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ እንዲላክ ጠይቁ። የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታወቀው በዚያ ነው። ባክቴሪያዎቹ ብረቱ ላይ ተጣብቀው እንደ ሽፋን ይሠራሉ፣ መድኃኒቱም አይደርስባቸውም። ስለዚህ ብረቱ እስካለ ድረስ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ታዲያ ወዲያው አይወጣም ወይ? ብረቱ ካልተነቃነቀ አብዛኛውን ጊዜ አይወጣም። አጥንቱ እስኪገጥም በመድኃኒት ይያዛል፣ ከዚያ ይወጣል። ከላላ ግን እንደገና መሠራት አለበት። ይህን ያወቅኩ ቀን ነው ጭንቀቴ የቀለለኝ፤ ለምን እንደምንጠብቅ ገባኝ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ብረት ሸክሙን ሁሉ ሲይዝ ከሥሩ ያለው አጥንት ሥራ ይፈታና ይሳሳል። ብረቱ ሲወጣ የሳሳ አጥንትና ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ሦስተኛው ስብራታችን በዚህ ነው የመጣው። ብረቱ ወጣ፣ ቁስሉ ዳነ፣ እኛም ተገላገልን ብለን ለቀቅናት። በአምስተኛው ሳምንት በአንዱ ቀዳዳ በኩል ተሰበረች። ከማንም ይልቅ ራሴን የወቀስኩት ያኔ ነው። ስለዚህ ብረት ከወጣ በኋላ ልክ አዲስ ኦፕራሲዮን እንደሆነች ቁጠሩት፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ያንኑ ኬጅ፣ ያንኑ ገመድ። ብሎኖቹን በአንዴ ሳይሆን በየተራ ማውጣት ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ሸክሙን ቀስ በቀስ ለአጥንቱ ያስተላልፋል። የማያስቸግር ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። የቡቺ የመጨረሻው ብረት ዛሬም እግሯ ውስጥ ነው።

6. ለምን ይደጋገማል ብላችሁ ፈልጉ

ሁሉም ስብራት ከዝላይ አይመጣም። በተለይ ቡችላ ሆና ያለ ምንም ውድቀት ከተሰበረች ምግቧን እዩ። እኛ ውሻን ስንወድ ሥጋ እናበላለን። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ግን ፎስፎረስ ይበዛበታል፣ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። ሰውነቷ የጎደለውን ካልሲየም ከራሷ አጥንት ይወስዳል። አጥንቷ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ለዚህ መድኃኒቱ ለዕድሜዋ የተመጣጠነ የውሻ ምግብ ነው። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በራሳችሁ አትጀምሩ፣ ሲበዛም ይጎዳል። የበሰለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል። ወጥ ደግሞ ሽንኩርት አለበት፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የኩላሊትና የካልሲየም የደም ምርመራ አሠሩ። በዕድሜ የገፋች ከሆነች ሐኪሙ የአጥንት ዕጢ እንዳይሆን ኤክስሬዩን ደህና አድርጎ ይይ።

7. ገንዘብና ሁለተኛ አስተያየት

የኤክስሬዮቹን ሁሉ ቅጂ በፋይል ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ሁለተኛ ስብራት ሲደርስ ከሌላ ሐኪም አስተያየት ሳትወስዱ አትቀጥሉ። አሜሪካ አንድ ኦፕራሲዮን በሺዎች ዶላር ነው። ኢንሹራንስ አስቀድሞ የነበረ ችግርን አይሸፍንም፣ ከተሰበረች በኋላ መግባት ለዚያ እግር አይረዳም። ኬርክሬዲት የሚባለውን የሕክምና የብድር ካርድ ብዙ ክሊኒኮች ይቀበላሉ። ያለ ወለድ የሚለው ቀን እስኪያልፍ ካልጨረሳችሁ ግን ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታሰባል። እኔ የሚጠይቁትን ትንሹን ወርሃዊ ክፍያ ሳይሆን ጠቅላላውን በወራቱ አካፍዬ ነው የከፈልኩት።

8. እግሩ አይድንም ሲባል

ከሦስተኛው ስብራት በኋላ ሐኪሙ "መቁረጥም አንድ መንገድ ነው" አለን። አለቀስኩ። አሁን ግን ቅጣት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ትንሽ ውሻ በሦስት እግር በደንብ ትኖራለች፣ ትሮጣለች፣ ትጫወታለች። መጠየቅ ያለበት ሌላኛው የፊት እግር ጤነኛ ነው ወይ የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ውሻ ከክብደቷ 60 በመቶ ያህሉን የምትሸከመው በፊት እግሮቿ ነው። አራተኛ፣ አምስተኛ ኦፕራሲዮን ከምታሳልፍ አንዴ ተገላግላ የምትኖርበት ጊዜ አለ። እኛ ሐኪሙ አጥንቱ ተስፋ አለው ስላለን አንድ ጊዜ ሞከርን። ባይሆን ኖሮ እንዲቆረጥ ወስነን ነበር፣ ቀኑም ተነጋግረን ነበር። ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስታለቅሱ አይወሰንም።

ዘመድ "ለውሻ ይህን ሁሉ?" ይላል። እናቴም አለችኝ። አልተከራከርኳትም። "እማዬ፣ መጀመሪያ የወደቀችው ከልጄ እጅ ነው፣ ልጄ ድና እንድታያት ፈልጌ ነው" አልኳት። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር "ያቺ ምስኪን እግሯስ?" ሳትል ስልኩን አትዘጋም።

9. ከዳነች በኋላ ማንሳትና ማውረድ

ሶፋው ጎን መወጣጫ አለን። አልጋ ላይ አትወጣም። በእጅ ስናነሳት በርከክ እንላለን፣ አንዱ እጅ በደረቷ ሥር፣ ሌላው በቂጧ ሥር ይገባል፣ ሰውነቷን ደረታችን ላይ እናስጠጋለን። ለማውረድም እንዲሁ መጀመሪያ እንበረከካለን። ወለሉን ስታይ መወራጨት ትጀምራለች፣ ያኔ ነው አጥብቆ መያዝ። አራቱም መዳፎቿ መሬት ነክተው፣ እስክትቆም "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለን ቆጥረን ነው እጃችንን የምንለቀው።